ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በእግር ልወጣ ነው፤ ከጅሬን በላይ ላለው መንገድ ምን ልዘጋጅ?

የቡና አበባ (ኅዳር 4፣ እሁድ ምሽት)

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ ሂርማታ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ባለፈው ዓመት ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ በእግር የመውጣት ልማድ ነበረን። ወፍ ለማየት ወደ ቦዬ ረግረግ ዳር ሄደናል፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬንም ከመሃል ከተማ ተነሥተን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ብዙ ጊዜ በእግራችን ወጥተነዋል። ዘንድሮ ግን ሁለቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፣ ሦስተኛዋም በቅርቡ ወልዳ አራስ ቤት ናት፤ እኔም መስከረም ከጠባ ወዲህ አንድም ቀን ሳልወጣ ሁለት ወር አለፈኝ። አብሮኝ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ልጠብቅ ብል በጋው አልቆ ዝናቡ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ስለ ሰጋሁ፣ ብቻዬን ለመውጣት ወስኛለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ኅዳር 17 ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ እስከ ቤተ መንግሥቱ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በቡናው መካከል አልፎ ወደ ላይኛው ኮረብታ የሚወጣውን የእግር መንገድ ይዤ እወጣና በዚያው መንገድ እመለሳለሁ። በስልኬ ካርታ ላይ ስለካው ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ዳገቱም 300 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ከጓደኞቼ ጋር ሄጄበት አውቀዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለእኔ አዲስ ነው።

በቡድን ስንሄድ አንዷ ውሃ ትይዝ ነበር፣ አንዱ መንገዱን ያውቅ ነበር፣ የእኔ ድርሻ ምሳ መያዝ ብቻ ነበር። አሁን ሁሉም በእኔ ላይ ወድቋል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ከሌላው ተለይቶ ማሰናዳት ያለበት ምንድን ነው? በስንት ሰዓት ተነሥቼ በስንት ሰዓት ልመለስ? ሴት ብቻዋን ስትሄድስ ምን ምን ትጠንቀቅ? ልምዱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው ቀያሽ (ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። በቅየሳ ሥራ ብዙ ዓመት በዚህ ዞን ገጠር በእግሬ ዞሬያለሁ። ስለ ጫማውና ስለ ውሃው ሌሎች እንደሚነግሩሽ ስለማውቅ፣ እኔ የማነሣው ስለ ሰዓት ነው።

ጎልማሳ ሳለሁ በአንድ የዕረፍት ቀን ብቻዬን ወደ ዴዶ አቅጣጫ ወጣሁ። ለባለቤቴ የነገርኳት «ትንሽ ተንሸራሽሬ እመጣለሁ» ብዬ ብቻ ነበር። ከቀትር በኋላ ካፊያ ጥሎ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ሲያሟልጭ፣ ከአንድ ቦረቦር አፋፍ ተንሸራትቼ ወደቅኩና ቁርጭምጭሚቴ ዞረ። ስብራት አልነበረም፤ ነገር ግን መርገጥ አቃተኝ። ባለቤቴ መጨነቅ የጀመረችው ከመሸ በኋላ ነው። ወንድሞቼ ባትሪ ይዘው ወጡ፤ ሆኖም የሄድኩበትን ስላላወቁ ባለፈው ሳምንት ሄጄበት ወደነበረው ወደ አጋሮ መንገድ ሄዱ፤ እኔ ከከተማው በስተደቡብ ተቀምጬ እነሱ በሰሜን ምዕራብ ስሜን እየጠሩ አነጉ። ያገኘኝ ሲነጋጋ ከብት ሊያሰማራ የወጣ ልጅ ነው። እግሬ በሁለት ሳምንት ዳነ፤ ባለቤቴ ግን ያን ሌሊት እስከ ዛሬ ታነሣዋለች።

ስለዚህ ዓርብ ማታ አንድ ወረቀት ጻፊ። የምትነሺበትን ቦታ፣ የምትወጪበትንና የምትመለሺበትን መንገድ፣ የልብስሽን ቀለም፣ የስልክ ቁጥርሽን አስፍሪበትና እቤት ለሚቀር፣ ለምታምኝው አንድ ሰው ስጪው። በወረቀቱ ላይ ሁለት ሰዓቶች በግልጽ ይጻፉ። አንደኛው የመመለሻ ሰዓት ነው፤ የትም ብትደርሺ ፊትሽን ወደ ቤት የምታዞሪበት። ሁለተኛው የማንቂያ ሰዓት ነው፤ ድምፅሽ ካልተሰማ ያ ሰው «ትንሽ ልጠብቅ» ሳይል መፈለግ የሚጀምርበት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ነው። «እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ካልመጣሁ ፈልጉኝ» ብሎ ይወጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጅማ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ምሽቱ አይዘገይም፣ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆይ ዐይን መያዝ ይጀምራል። በ1 ሰዓት የሚጀመር ፍለጋ እንግዲህ ከመነሻው የጨለማ ፍለጋ ነው። ስሌቱን ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ ቁጠሪና ለሚፈልጉሽ ሰዎች ቢያንስ ሁለት ሰዓት ብርሃን ተዪላቸው። የማንቂያ ሰዓትሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሁን።

የመንገዱን ጊዜ ለመገመት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1892 ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይያዛል፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። የአንቺ መውጫ 6 ኪሎ ሜትርና 300 ሜትር ዳገት ከሆነ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ግን በደረቅ መንገድ ሳያርፍ ለሚሄድ ጠንካራ ሰው ነው፤ መንገዱ አዲስሽ ስለሆነ ግማሹን ጨምሪበትና ሁለት ሰዓት ተኩል በዪው። ከቤተ መንግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ብትነሺ 4 ሰዓት ገደማ ላይ ትደርሻለሽ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የመመለሻ ሰዓቴን 5 ሰዓት አድርጌ፣ 5 ሰዓት ሲሞላ ጫፉ መቶ ሜትር ቢቀረኝም እመለስ ነበር።

ዝግባ (ኅዳር 5፣ ጠዋት)

ጋሼ በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሸለቆውና በዛፉ ጥላ ውስጥ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስለሚኖር፣ «በየሰዓቱ እደውላለሁ» ብለሽ ቃል አትግቢ። ቃሉን መጠበቅ ሲያቅትሽ እቤት ያለው ሰው ያለ ምክንያት ይሸበራል፤ ሁለት ጊዜ በከንቱ ከተሸበረ ደግሞ በሦስተኛው፣ በእውነቱ ቀን፣ ላይነሣ ይችላል። በወረቀቱ ላይ «ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ዝም ብል ችግር የለም» የሚል መስመር ይግባበት።

ካርታውን ዋይፋይ ባለበት አስቀድመሽ አውርጂው። ስልኩ ያለሽበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል፤ ባትሪ ግን ይበላል፣ በተለይ ኔትወርክ ሲፈልግ በቶሎ ይጨርሳል። ምልክት በሌለበት ቦታ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጊው፣ ፓወር ባንክም ያዢ። ቻርጅ ሞልቶ የጠፋ አንድ ቀላል የቁልፍ ስልክ በቦርሳሽ ግርጌ ቢኖር ደግሞ የበለጠ ልብ ያሳርፋል።

የሰፈር ሰው (ኅዳር 5፣ ከሰዓት)

እህቴ፣ ምክር ጠይቀሻልና የምሰጥሽ ምክር አትሂጂ የሚል ነው። በክፋት አትዪብኝ። ከነጋዴ ጋር፣ ከለቃሚ ጋር፣ ከተማሪ ጋርም ቢሆን ሁለት ሆኖ መሄድ ይቻላል። ብቻዋን የወጣች ሴት ብትወድቅ የሚያነሣት የለም፤ ክፉ ሰው ቢያጋጥማትም ምስክር የላትም። ደግሞስ የአካባቢው ጸጥታ ዛሬ ሰላም ሆኖ ነገ ሊለወጥ ይችላል። እኔም ሴት ልጅ ስላለችኝ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም።

የማና ልጅ (ኅዳር 5፣ ምሽት)

የሰፈር ሰው የተናገሩት ከፍቅር ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ስለ ጸጥታው ያሉትም ትክክል ነው። ባለፈው ወር ሰላም ነበር ማለት አይበቃም፤ ከመውጣትሽ ሁለት ቀን አስቀድመሽ የዚያን አካባቢ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ጠይቂ፣ መታወቂያሽን አሳዪ፣ በየት በኩል እንደምታልፊ ተናገሪ። አትሂጂ ካሉሽ ሳትከራከሪ ተዪው። ሂጂ ካሉሽ ደግሞ መምጣትሽን የሚያውቅ ሰው አገኘሽ ማለት ነው።

ሆኖም «የሚያነሣት የለም» በሚለው አልስማማም። ተወልጄ ያደግሁት ማና ወረዳ ቡና መካከል ነው። ኅዳር የለቀማ ወር ነው፤ በዚህ ወር በቡናው ውስጥ ከሰው የሚያመልጥ የለም። ችግሩ ሌላ ነው፣ እሱን ላስረዳ።

አንደኛው መንገዱ ነው። በለቀማ ጊዜ ለቃሚዎች በየአቅጣጫው ስለሚመላለሱ ከሳምንት በፊት ያልነበሩ አዳዲስ መንገዶች ይወጣሉ። እነዚህ መንገዶች ሰፊና የተረገጡ ስለሆኑ እንግዳ ሰውን ያታልላሉ፤ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ወስደውሽ አንድ የቡና ዛፍ ሥር ሲደርሱ ያልቃሉ። የከተማ ዘመዶቻችን እንግዳ ሆነው ሲመጡ በዚህ ሲጠፉ አይቻለሁ፤ ካለቀበት ቦታ ወደ ኋላ መመለሱን ትተው «በዚህ ሳቋርጥ ዋናውን አገኘዋለሁ» ይሉና ጫካው ውስጥ ይገባሉ። መለያው የአህያ ኮቴ ነው። ከመንደር መንደር የሚያደርስ መንገድ ላይ አህያ ተጭኖ ስለሚሄድ ኮቴውና ፋንድያው አይጠፋም፤ የለቃሚ መንገድ ላይ ግን የሰው እግር ብቻ ነው የምታዪው። መንታ መንገድ በደረስሽ ቁጥር ጥቂት እርምጃ እለፊና ዞር ብለሽ ወደ ኋላ ፎቶ አንሺ፤ ስትመለሺ የምታዪው መልክ ስትሄጂ ካየሽው ፈጽሞ የተለየ ነውና።

ሁለተኛው መታመን ነው። ቡናው ቀልቶ ዛፍ ላይ ባለበት ወር ሌባም ስለሚበዛ ባለቤቶቹ ጠባቂ ያቆማሉ። ቦርሳ ያዘለ እንግዳ ድምፁን አጥፍቶ በቡና መካከል ሲያልፍ ቢያዩት ሊጠረጥሩት መብታቸው ነው። ስለዚህ ሰው ሳያይሽ አንቺ ቀድመሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ሰላምታ ስጪ፤ «አከም ቡልተኒ?» ካልሽ የቀረውን በአማርኛም ብትቀጥይ ችግር የለውም። ለመቅመስ ብለሽ እንኳ አንድ ፍሬ አትቁረጪ።

ሦስተኛው የአጠያየቅሽ ነገር ነው። «ይህ መንገድ ጅሬን ይወስዳል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የአገራችን ሰው እንግዳ ማሳፈር ስለማይወድ «አዎ» ይልሻል። «ካራን ገረ ጅሬን ጌሱ ከሚ?» በዪ፤ ወደ ጅሬን የሚወስደው የትኛው ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ያየሽው ሰው እጁን ዘርግቶ ማሳየት ግድ ይሆንበታል። «ቅርብ ነው» የሚለውን መልስ ግን ለሰዓት ስሌትሽ አትጠቀሚበት።

«ብቻሽን ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅሽ ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ከመቆርቆር ነው። ሆኖም ብቻዬን ነኝ ብለሽ የምትመልሺበት ግዴታ የለብሽም፤ እህቴ እየጠበቀችኝ ነው ብትዪ ውሸት አልተናገርሽም። ያለሽበትን ቦታ ፎቶ እያነሣሽ በዚያው ሰዓት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፊ፤ ስትመለሺ ይደርሳል።

የመንደር ውሻ ደግሞ ከጅብም ከነብርም ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ጅብ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ውሻ ግን የቀን ዘበኛ ነው። አጥር ሲታይሽ ከሩቁ «ሰሬ ቀባ!» ብለሽ ጩኺ፤ ውሻ ያዙልኝ ማለት ነው። ቢመጣብሽ አትሩጪ፣ ጀርባሽን አትስጪ፤ ጎንበስ ብለሽ ድንጋይ እንደምታነሺ ሁኚ፣ አብዛኛው በዚያው ይመለሳል። አንድ ደህና ዘንግ ያዢ፤ ለዳገቱም ይጠቅምሻል።

የቡና አበባ (ኅዳር 6፣ ማታ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የዚያን ሌሊት ታሪክዎን ሳነብ ለእህቴ አንድም ጊዜ የምሄድበትን በትክክል ነግሬያት እንደማላውቅ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ወረቀቱን የምትይዝልኝ ፈረንጅ አራዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። የሰፈር ሰውን ስጋት ደግሞ በቀላሉ አላየሁትም፤ ቀበሌ ሄጄ የሚሉኝን ካልሰማሁ አልወጣም። ስለ ጤናው በኩል የምታውቁ ካላችሁ ብትጨምሩልኝ ደስ ይለኛል፤ በተለይ ውሻ ቢነክሰኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የካርድ ክፍል ነርስ (ኅዳር 7፣ ከሰዓት)

እህቴ፣ ከውሻው ልጀምር፤ በሥራዬ በጣም የሚያሳዝነኝ ነገር እሱ ነውና። ውሻ ከነከሰሽ ወይም ቆዳሽን ከጫረሽ፣ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለሽ አትናቂው፤ ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብለሽም አትዘናጊ። ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ሳታቋርጪ እጠቢው። 15 ደቂቃ ሲባል ረጅም ነው፤ ሰዓት አይተሽ ነው የምትጨርሺው። ከዚያ ጉዞው በዚያው ያበቃና በዚያኑ ቀን ጤና ተቋም ሄደሽ ስለ ክትባቱ ትጠይቂያለሽ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት ሄዶ ቀናት ካለፉ በኋላ ወደ እኛ ይመጣል፤ እባክሽ እንዲህ አታድርጊ። አንድ ትንሽ ሳሙና በላስቲክ ጠቅልለሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ።

እባብ ቢነድፍሽ አትቁረጪው፣ አትምጠጪው፣ በገመድ አንቀሽም አትሰሪው። የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፈሽ እንዳይንቀሳቀስ አድርጊና ሰው ጠርተሽ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱሽ። ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ አብዛኛውን አደጋ ከመነሻው ያስቀራል፤ ከሳማውም ከጉንዳኑም ያድናል። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካየሽ ዘለሽ እለፊ እንጂ አጠገቡ ቆመሽ አትዪው።

ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር አስቢ፤ ለአምስት ሰዓት ጉዞ ሁለት ሊትር ተኩል፣ መጠባበቂያ ጨምረሽ ሦስት ሊትር ይሁን። የወንዝ ውሃ ምንም ቢጠራ እንዳለ አይጠጣም። ቢያልቅብሽ የምታክሚበት ውሃ አጋር በትንሽ ዕቃ ያዢና በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምረሽ 30 ደቂቃ ቆይተሽ ጠጪ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስም አይከብድም።

ለብቻዋ ለምትሄድ ሰው በጣም የሚጠቅመው ግን እግርን ቶሎ መስማት ነው። ተረከዝሽ ላይ ሞቅ ሞቅ ያለ ስሜት ሲጀምር፣ ገና ውሃ ሳይቋጥር፣ በዚያው ቅጽበት ቆመሽ ጫማሽን አውልቂና ፕላስተር ለጥፊበት። በቡድን የሚሄድ ሰው ሌላውን ላለማስቆም ብሎ ይችለዋል። አንቺ የምታስቆሚው ሰው የለም፤ ብቻሽን የመሆንሽን ጥቅም በዚህ ተጠቀሚበት። አዲስ ጫማ አድርገሽ እንዳትወጪ፤ ጫማው ቢያንስ ለጥቂት ሳምንት ከተማ ውስጥ የተለመደ ይሁን።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ቁጥሮቹን በወረቀትሽ ላይም ጻፊያቸው፤ የሚደውለው እህትሽ ልትሆን ትችላለችና።

ጡረተኛው ቀያሽ (ኅዳር 8፣ ጠዋት)

እህታችን ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ስለ ፊሽካና ስለ መብረቅ ልጨምርና ላብቃ።

የሰው ጩኸት ቶሎ ይደክማል፤ ፊሽካ ግን አይደክምም። በዓለም ላይ ተራራ ወጪዎች የሚግባቡበት የእርዳታ ጥሪ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት፣ እንደገና ስድስት ጊዜ መንፋት ነው። የአካባቢው ሰው ሥርዓቱን ባያውቀውም እንኳ እየተደጋገመ የሚመጣ ድምፅ ሰው ይጠራል። ፊሽካው ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ፤ አንገትሽ ላይ ይሁን፣ የወደቀ ሰው ቦርሳው ላይደርስበት ይችላል።

ኅዳር ለጅማ የበጋው መግቢያ ነው፤ ነገር ግን የእኛ አገር ዝናብ የመጨረሻ ቀኑን ቆርጦ አይሄድም፤ ከቀትር በኋላ ዳመና ሊሰበሰብ ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማሽ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሴኮንድ ቁጠሪና ለሦስት አካፍዪ፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጥሻል። 30 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ አንቺ ያለሽበት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ከአፋፉ ውረጂ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለዪ። በጠዋት ወጥቶ ቀትር ላይ መመለስን የመረጥኩልሽ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደግሞም ይህ መንገድ ለጅማሬ በቂ ነው። በቦንጋ መንገድ ያለውን «በለጠ ጌራ» የተባለውን ደን የሚያህል ጥቅጥቅ ጫካ ብቻሽን እንዳትሞክሪ፤ እዚያ ጉሬዛ ለማየት ስትፈልጊ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢውን ሰው ይዘሽ ሂጂ።

የቡና አበባ (ኅዳር 15፣ ምሽት)

ዛሬ ከሥራ በኋላ ቀበሌ ሄጄ ነበር። በአክብሮት ተቀብለው መንገዱ ሰላም መሆኑን ነገሩኝ፤ ስሜንና ስልኬንም መዘገቡ። ወረቀቱን ጽፌዋለሁ። መነሻ ከቤተ መንግሥቱ 1 ሰዓት ተኩል፤ መመለሻ 5 ሰዓት፤ ከ3 እስከ 7 ሰዓት ዝምታ ቢኖር ችግር የለም፤ 8 ሰዓት ላይ ካልደወልኩ እህቴ ትደውላለች፤ 10 ሰዓት ላይ ካልተገኘሁ ለቀበሌውና ለ991 ትደውላለች። አረንጓዴ ሹራብ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ቀይ ቦርሳ። ቦርሳው ውስጥ ሦስት ሊትር ውሃ በሁለት ሃይላንድ፣ ቆሎ፣ ሁለት ሙዝ፣ በሶ፣ የዝናብ ልብስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ፋሻና ፕላስተር፣ ሳሙና፣ ውሃ አጋር፣ ፓወር ባንክ አለ። ፊሽካው በክር አንገቴ ላይ ነው። የጎደለ ነገር ይታያችኋል?

ዝግባ (ኅዳር 15፣ ምሽት)

የወረቀቱን ፎቶ በስልክሽም ያዢው። ሌላ የጎደለ አይታየኝም።

የሰፈር ሰው (ኅዳር 16፣ ጠዋት)

አሁንም ልቤ አልጣለውም። ነገር ግን ቀበሌ መሄድሽንና ሰዓቱን ማስቀመጥሽን ሳይ ከፊተኛው ስጋቴ ግማሹ ቀለለልኝ። ስትመለሺ እዚህ ጻፊልን፤ እጠብቃለሁ።

የቡና አበባ (ኅዳር 17፣ ቅዳሜ ምሽት)

ተመልሻለሁ። የሰፈር ሰው ስለሚጠብቁ ከዚህ ልጀምር ብዬ ነው። ከ7 ሰዓት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን ቤተ መንግሥቱ አጠገብ ነበርኩ፤ ለእህቴ የደወልኩትም ከዚያ ነው።

ከጅሬን የተነሣሁት በ1 ሰዓት ከ35 ነው። ጤዛው በቡናው ቅጠል ላይ ስለነበር ገና ግማሽ ሰዓት ሳልሄድ ሱሪዬ እስከ ጉልበት ራሰ። የማውቀውን ግማሽ መንገድ ያለ ችግር ወጣሁት፤ ተረከዜ ላይ የተባለው ሙቀት ሲጀምረኝ ነርሷ እንደ መከረችኝ ቁጭ ብዬ ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ እስከ መጨረሻውም አላስቸገረኝም።

የማና ልጅ የነገርከኝ ነገር ያጋጠመኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ትልቅ ዋንዛ አጠገብ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተቀኝ ያለው ሰፊና ደረቅ ስለነበር ሳላስብ ያዝኩት። አሥር ደቂቃ ያህል ከሄድኩ በኋላ መሬቱን ብመለከት የባዶ እግርና የጫማ ዱካ ብቻ ነበር፤ የአህያ ኮቴ አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ትንሽ ልጨምር ብዬ ቀጠልኩ፤ መንገዱ አንድ የቡና ዛፍ ሥር አለቀ። ቅርንጫፉ ላይ ባዶ የለቀማ ቅርጫት ተሰቅሎ ነበር፣ መሬቱ ላይ ጥቂት ቀይ ፍሬ ፈስሷል። ሰው አልነበረም። በስተግራ በዛፎቹ መካከል አፋፉ ብልጭ ይል ስለነበር ማቋረጡ በጣም ቀላል መሰለኝ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት እርምጃ ገብቼም ነበር። ከዚያ የተጻፈው ትዝ አለኝና ዞሬ በመጣሁበት ተመለስኩ። ዋንዛው ጋ ስደርስ 25 ደቂቃ አጥቻለሁ። በግራ ባለው መንገድ ላይ ግን ከእርጥቡ አፈር ውስጥ የአህያ ኮቴ እንደ ማኅተም ታትሞ ይታይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሴቶች ሲለቅሙ አገኘሁ። ከሩቅ ሰላም አልኳቸው፤ አንዲት እናት ስለ መንገዱ ስጠይቃቸው በአገጫቸው አመለከቱኝና ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ «እህትሽ የታለች?» አሉኝ። እየጠበቀችኝ ነው አልኳቸው። ከአንድ አጥር ውስጥ ውሻ ወጥቶ ነበር፤ ጎንበስ ስል ቆመ፣ ባለቤቱም ወጥተው ያዙት።

5 ሰዓት ሲሞላ ከጫፉ በታች ነበርኩ፤ የመጨረሻው ዳገት ከፊቴ ይታየኛል፣ ሃያ ደቂቃ የሚበቃው ይመስል ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆሎዬን በላሁ፣ ጅማን ከላይ ሆኜ አየኋት፣ ከዚያ ተነሥቼ ወረድኩ። ከባድ ነበር። በመንገድ ላይ ለእህቴ የላክሁት መልእክት ኔትወርክ ስላልነበረ ሳይሄድ ቀርቶ ከ6 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው የደረሳት፤ እሷ ግን ወረቀቱ ላይ እስከ 7 ሰዓት ዝምታ እንዳለ ስላየች አልተሸበረችም፤ እንዲያውም ስደውል ቡና እያፈላች ነበር።

ከሦስቱ ሊትር ሁለቱን ጠጥቻለሁ። የዝናብ ልብሱን አላወጣሁትም።

የሰፈር ሰው (ኅዳር 17፣ ምሽት)

እግዚአብሔር ይመስገን። ለልጄ አነበብኩላት።

ጡረተኛው ቀያሽ (ኅዳር 18፣ ጠዋት)

ልጄ፣ 5 ሰዓት ላይ መመለስሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ያን 25 ደቂቃ ስለማታጪው ጫፉ ላይ በጊዜ ትደርሻለሽ፤ የመመለሻ ሰዓቱን ግን እንዳታዘገዪው። የዋንዛውን መንታ መንገድ ፎቶ አንሥተሽ ከሆነ እዚህ ብታስቀምጪው ከአንቺ በኋላ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል።

የቡና አበባ (ኅዳር 18፣ ከሰዓት)

ሁለት ፎቶ አስቀምጫለሁ፤ አንደኛው ስንወጣ የሚታየው ነው፣ ሁለተኛው ስንመለስ የሚታየው። ትክክለኛው መንገድ በስተግራ ያለው ጠባቡ ነው። በለቀማው ምክንያት የቀኙ ከቀን ወደ ቀን እየሰፋ ስለሚሄድ፣ በታኅሣሥ የምትወጡ ሰዎች ስፋቱን ሳይሆን ኮቴውን ተመልከቱ።